አሁን የት ነን? በሽርሽር መርከብ ላይ ጂፒኤስ ይዞ መጓዝ

የሽርሽር መርከብ ተሳፋሪው ባሕር ላይ መሆኑን እንዲረሳ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሱቁ፣ ቲያትር ቤቱ፣ መዋኛ ገንዳው፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋው የአዳራሽ መብራት ሁሉ ለዚህ ይተጋሉ። ከውሃው በታች በግራና በቀኝ የሚዘረጉት ማረጋጊያ ክንፎች ሳይቀሩ የማዕበሉን ውዝዋዜ ቀንሰው ወለሉን የብስ ያስመስሉታል። ማታ ከአንዱ ወደብ ተነስተን እንተኛለን፤ ጠዋት መጋረጃውን ስንገልጥ ሌላ ወደብ ከፊታችን ተዘርግቶ ይጠብቀናል። በመካከል ያለፈው ሦስትና አራት መቶ ኪሎ ሜትር የት ገባ? የትኛውን ደሴት አለፍን? ከየብስ ምን ያህል ርቀን ነበር? ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ወደ ቁርሱ ይሄዳል። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ተጓዝኩ ለማለት አይሆንልኝም። ጉዞ ማለት ለእኔ በሁለቱ ወደቦች መካከል ያለው ነው።

ስለዚህ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ በእጅ የሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ (ከሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ያለንበትን ቦታ የሚነግረን) ሳልይዝ አልወጣም። «በካቢኑ ቴሌቪዥን ላይ ካርታው ይታይ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይታያል። ነገር ግን ያ ካርታ ብዙውን ጊዜ ግማሽ አህጉር በአንድ ላይ ስለሚያሳይ መርከቧ የደሴት ያህል ገዝፋ ትሳልበታለች። ላጉላው ቢሉት እሺ አይልም፤ ትናንት ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የት እንደነበርን ቢጠይቁትም መልስ የለውም። በእጄ ያለው መሣሪያ ግን ያለፍንበትን ነጥብ በነጥብ እየመዘገበ ይሄዳል፤ ጉዞው ሲያበቃም አብሮኝ ከመርከቧ ይወርዳል።

መሣሪያውን ይዞ የሚሳፈር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር በካቢኑ ውስጥ ምንም ምልክት አለመያዙ ነው። መርከብ ብረት ነው። የሳተላይቶቹ ምልክት ደግሞ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ የደከመ የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ የብረት ጣሪያና ግድግዳ ማለፍ አይችልም። መስኮት የሌለው ካቢን የደረሰው ሰው ወደ ላይኛው ወለል ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። መስኮት ያለው ይሻላል፤ ሆኖም አንዳንዱ መስታወት ሙቀት እንዳያስገባ በስስ ብረት ስለሚለበጥ ምልክቱን ያደክመዋል። በረንዳ ከተገኘ እሰየው ነው። በረንዳም ላይ ቢሆን የሚታየው የሰማዩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ራሷ መርከቧ ትጋርደዋለች። ያለንበትን ቦታ በኬክሮስ፣ በኬንትሮስና በከፍታ ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልጋል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ስለሚቀበሉ በግማሽ ሰማይም ቢሆን አራት ሳተላይት አይጠፋም። እኔ ማታ ማታ መሣሪያውን ከበረንዳው ወንበር እግር ጋር በማሰሪያው አስሬ ሰማይ እንዲያይ አድርጌ እተኛለሁ። ከበረንዳው አጥር ላይ ግን በፍጹም አላስቀምጠውም፤ የባሕር ነፋስ አይታመንም።

ስልክም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ አይሠራም ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ይሠራል። መቀበያው እንደ ሬዲዮ ይሰማል እንጂ ወደ ሳተላይቱ ምንም አይልክም። ስለዚህ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጎ የጉዞውን መስመር መከተል ይቻላል፤ እንዲያውም እንደዚያ ማድረግ ይገባል። ባሕር መሃል ስልኩ የሚያገኘው ኔትወርክ የመርከቧ የራሷ ሲሆን፣ በሳተላይት በኩል ስለሚያልፍ ሒሳቡ ያስደነግጣል። አስቀድሞ መዘጋጀት ያለበት ካርታው ነው። የምናልፍበትን ባሕርና የባሕር ዳርቻ ካርታ ከመነሳታችን በፊት ካላወረድን በስክሪኑ ላይ የምናየው ባዶ ሰማያዊ መደብና አንዲት ነጥብ ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ በየብስ ላይ ቦታውን ቶሎ የሚያገኘው ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ በኔትወርኩ በኩል ስለሚነገረው ነው። ባሕር ላይ ይህ እገዛ ሲቀር ይህንኑ ከሳተላይቶቹ ራሱ ማንበብ አለበት። ሳተላይቶቹ ይህን መረጃ የሚያስተላልፉት በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው። አንድ ሳተላይት የራሱን ምሕዋር ተናግሮ ለመጨረስ 30 ሰከንድ ይወስድበታል፤ የሁሉንም ሳተላይቶች አጠቃላይ ሰንጠረዥ አስተላልፎ ለመጨረስ ደግሞ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተኩል። «አልሠራም» ብሎ ስልኩን ወዲያው ወደ ኪስ የሚመልሰው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አልታገሠም። መርከቧ ገና ከወደብ ሳትነሳ ክፍት ወለል ላይ ወጥቶ መሣሪያውን ማብራትና ሰማዩን እንዲያነብ ጊዜ መስጠት ጥሩ ነው።

ነጥቦቹ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ይመዝገቡ የሚለውም ማሰብ ይፈልጋል። በ20 ኖት (ኖት የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) የምትሄድ መርከብ በሰከንድ አሥር ሜትር ያህል ትጓዛለች። ሰፊው ባሕር ላይ በየደቂቃው አንድ ነጥብ ይበቃል፤ በነጥብና በነጥብ መካከል ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ወደ ወደብ ስንገባ ወይም በጠባብ ሰርጥ ስናልፍ ግን ልዩነቱን ወደ አምስት ሰከንድ አወርደዋለሁ፤ ደስ የሚሉት ነገሮች የሚታዩት እዚያ ነውና።

የባሕር ማይልን የማደንቀው በዚህ መሣሪያ ምክንያት ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ አንድ ኖት ደግሞ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል። 1,852 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ቢባል የኬክሮስ አንድ ደቂቃ አማካይ ርዝመት ነው፤ ማለትም የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ። መርከቧ በ20 ኖት ቀጥታ ወደ ሰሜን ስትሄድ በስክሪኑ ላይ ያለው ኬክሮስ በየሦስት የሰዓት ደቂቃው አንድ የኬክሮስ ደቂቃ ይጨምራል። የመርከቧ ፍጥነት፣ የእጅ ሰዓቴና የምድር ክብነት በአንድ ቁጥር ውስጥ ሲገናኙ ማየት ደስታው ይህ ነው ብዬ ማስረዳት ያቅተኛል።

ፍጥነቱን መከታተል መርከቧ ምን እንዳሰበች ይናገራል። በሁለት ተቀራራቢ ወደቦች መካከል በሚያልፍ ሌሊት፣ ከ20 ኖት በላይ መሄድ የምትችለው መርከብ በዘጠኝና በአሥር ኖት ስታዘግም አያለሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ ቀጠሮው ግን ንጋት ላይ ነው፤ ቀድሞ መድረስ ነዳጅ ማባከን ብቻ ይሆናል። ከወደቡ በፊት ደግሞ ነጥቦቹ ድንገት ይጠጋጋሉ። ያን ጊዜ ከካቢን ወጥቶ ወደ ታች መመልከት ነው! አንዲት ትንሽ ፈጣን ጀልባ ከመርከቧ ጎን ተጠግታ እኩል ትሮጣለች፤ የወደቡን ውሃ ጠንቅቆ የሚያውቀው የመርከብ መሪ፣ ፓይለት የሚባለው፣ የገመድ መሰላል ይዞ ይወጣል። መርከቧ ነፋሱን በአካሏ ከልላ ለጀልባዋ ጸጥ ያለ ውሃ ስለምታበጅላት መስመሩ ላይ ትንሽ ቅስት ይታያል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አብዛኛው ተሳፋሪ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው፤ እኔም ብሆን የፍጥነቱን መውረድ ባላይ ኖሮ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

አቅጣጫውን በተመለከተ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጂፒኤስ የሚያሳየው መርከቧ በምድር ላይ ወዴት እየተጓዘች እንደሆነ ነው፤ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። የሽርሽር መርከብ ጎኗ እንደ ግንብ የቆመ ስለሆነ ነፋስ ከጎን ሲመታት መስመሯን ላለመልቀቅ አፍንጫዋን ጥቂት ዲግሪ ወደ ነፋሱ አዙራ አግድም ትሄዳለች። በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ኮምፓስ በዚህ ጉዳይ ማመን አይቻልም፤ በዙሪያው ያለው ብረት ያሳስተዋል። ከኋላ ወለል ላይ ቆሞ መርከቧ ትታው የምትሄደውን የአረፋ መንገድ ከመርከቧ ወገብ ጋር ማስተያየት ይሻላል። አረፋው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ነፋሱ ወይም ጅረቱ እየገፋን ነው።

ከጣሊያን በስተምዕራብ ካለው ከቲሬኒያን ባሕር፣ በሲሲሊና በዋናው የጣሊያን ምድር መካከል ወዳለው ወደ መሲና ሰርጥ የሚወርደውን መንገድ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ስትሮምቦሊ የምትባለው ደሴት በዚያ መንገድ ላይ ናት። ከ900 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ከጥንት ጀምሮ እሳቷ የማያርፍ እሳተ ገሞራ ስትሆን «የሜድትራንያን የመብራት ማማ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ከውሃው 30 ሜትር ከፍ ባለ ወለል ላይ የቆመ ሰው አድማሱ የሚታየው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የስትሮምቦሊ ጫፍ ግን ከፍ ስለሚል አየሩ ጥርት ካለ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ሊታይ ይችላል። መሣሪያው ላይ ደሴቲቱን መድረሻ አድርጌ ርቀቱ ሲቀንስ እያየሁ በጨለማው ውስጥ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። ቀይ ብልጭታ መጣ፣ ጠፋ፤ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና መጣ። በአጠገቤ የነበሩ ሰዎች የዓሣ አጥማጅ መብራት መስሏቸው ነበር። መሣሪያው ግን ከዚያ አቅጣጫ ከስትሮምቦሊ በቀር ምንም እንደሌለ ያሳይ ነበር፤ እኔም አሳየኋቸው።

የመሲና ሰርጥ በጠባቡ ቦታ ስፋቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ወገን ያሉት ባሕሮች ሞልተው የሚጎድሉበት ሰዓት ስለማይገጥም ጅረቱ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይገለብጣል። የጥንት ግሪኮች እዚያ መርከብ የሚውጥ አውሬ አለ ይሉ የነበረው ይህን ጅረት አይተው ሳይሆን አይቀርም። በስክሪኑ ላይ የሞተሩ ድምፅ ምንም ሳይለወጥ ፍጥነቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ውሃው ራሱ እንደሚሄድ ይገባናል። በካርታው ላይ ደግሞ መርከቦች በየአቅጣጫቸው የሚሄዱባቸው መስመሮች ይታያሉ። ብዙ መርከብ የሚተላለፍባቸው ጠባብ ቦታዎች እንደ መኪና መንገድ መሃሉ ተከፍሎ የመሄጃና የመመለሻ መስመር አላቸው፤ አሠራሩ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው በዶቨር ሰርጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ባዶ የሚመስለን ባሕር ሥርዓት የተሠራለት መንገድ እንዳለው ያወቅሁት የራሳችን ነጥቦች በዚያ መስመር ውስጥ ተሰልፈው ሳይ ነው።

መሣሪያው ቦታን የሚያውቀው በሰዓት ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ የሆነ አቶሚክ ሰዓት ተሸክሞ «አሁን ይህን ያህል ሰዓት ነው፤ እኔም እዚህ ነኝ» ይላል፤ መቀበያው ምልክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያሰላል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ (ማይክሮ ሰከንድ) ስህተት 300 ሜትር ያሳስታል። በአይንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት በሳተላይቱ ላይ ያለው ሰዓት መሬት ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ ይህ ባይታረም ኖሮ ስህተቱ በየቀኑ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ እየጨመረ ይሄድ ነበር።

ሰዓትና ባሕር የተገናኙት ግን ከሳተላይቱ በጣም ቀድሞ ነው። ኬክሮስን ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ ማወቅ ይቻል ነበር፤ ኬንትሮስ ግን የመርከበኛ ሁሉ ጭንቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1707 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ሳያውቁ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ካሉት ከሲሊ ደሴቶች ድንጋይ ጋር ተላትመው አራቱ ሰጠሙ፤ ከ1,400 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ለመፍትሔው እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀ። ጆን ሃሪሰን የተባለ የአናጢ ልጅ ዕድሜውን በሰዓት ሥራ ፈጅቶ፣ አራተኛው የባሕር ሰዓቱ በ1761 ወደ ጃማይካ ሲጓዝ ከሁለት ወር በላይ በፈጀው የባሕር ጉዞ የዘገየው አምስት ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር። ምድር በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለምትዞር የመነሻውን ቦታ ሰዓት በትክክል የያዘ ሰው ያንን ፀሐይ ከምትነግረው ካለበት ቦታ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ኬንትሮሱን ያውቃል። በረንዳዬ ላይ ቁጥሩ ሲለዋወጥ ባየሁ ቁጥር እነዚያ የሰጠሙት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። እነርሱን ያጠፋው ጥያቄ ለእኔ በኪሴ ውስጥ መልስ አለው።

መልሱ ግን ሁልጊዜ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ይህንን ደግሞ የሽርሽር መርከብ ራሷ አስተምራለች። ሮያል ማጀስቲ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1995 ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ተነሳች። ከወደብ ከወጣች አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጂፒኤስ አንቴናዋ ገመድ ከመጋጠሚያው ተላቀቀ። መሣሪያው አልጠፋም። ከኮምፓሱና ከፍጥነት መለኪያው እየገመተ ቦታ መስጠቱን ቀጠለ፤ ግምት መሆኑን የሚናገሩት በስክሪኑ ላይ የነበሩ ትናንሽ ፊደላት ብቻ ነበሩ። መርከቧን በራሱ የሚመራው አውቶፓይለትም ያንን ግምት አምኖ ነዳ። ነፋሱና ጅረቱ በቀስታ ወደ ምዕራብ ሲገፏት ከአንድ ቀን በላይ ማንም ልብ አላለም። በማግስቱ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከመስመሯ 17 ማይል ርቃ፣ ከአሜሪካዋ ናንታኬት ደሴት በስተምሥራቅ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ከ1,500 በላይ ሰው ተሳፍሮባት ነበር፤ ደግነቱ የተጎዳ አልነበረም። አደጋውን ያጠኑት መርማሪዎች እንደገለጹት ጠባቂዎቹ መብራትና ቀለሙ የተለየ ውሃ ማየታቸውን ተናግረው ነበር፤ መኮንኖቹ ግን ከዓይን ይልቅ ስክሪኑን አመኑ።

ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ጂፒኤስ አይረባም የሚል ሰው ነገሩን አልተረዳውም። እኔ የተረዳሁት መሣሪያውን ከዓይን ጋር አብሮ መያዝ እንደሚገባ ነው። ዛሬ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል፤ ምልክቱን ሆን ብለው የሚያውኩና የሐሰት ምልክት የሚልኩ አሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 በጥቁር ባሕር ላይ የነበሩ ከሃያ በላይ መርከቦች ጂፒኤሳቸው በየብስ ላይ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እንዳሉ ነገራቸው። በረንዳ ላይ የቆመ ተሳፋሪ መሣሪያው ድንገት ወደ ተራራ ቢዘልበት ከመደንገጥ ይልቅ ቀና ብሎ ፀሐይዋ ወዴት እንዳለች ይመልከት።

ስለ ግሪኳ ደሴት ስለ ሳንቶሪኒም ሳልናገር አላልፍም። መርከቦች እዚያ የሚገቡት የእሳተ ገሞራው አፍ ተደርምሶ ባሕር በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውሃው ከ300 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ለአብዛኛዎቹ መልህቅ መጣል አይቻልም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ሞተራቸውን አስነስተው ቦታቸውን ይጠብቃሉ፤ ሰዎች በትናንሽ ጀልባዎች ይወርዳሉ። ማታ ተመልሼ መስመሩን ሳጎላው ገና መጻፍ ያልተማረ ሕፃን እስክሪብቶ ይዞ የሞነጫጨረው መሰለ። ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ፣ ነፋሱ ሲገፋት ሞተሩ ሲመልሳት ውላለች። መልህቅ በጣለችበት ሌላ ቦታ ደግሞ ነጥቦቹ የተስተካከለ ቅስት ሠርተው አገኘኋቸው። መልህቁ አንድ ቦታ ተተክሎ መርከቧ በሰንሰለቷ ርዝመት፣ ነፋሱ ሲዞር አብራ ዞራለች። ከዚያ ቅስት ተነስቶ መልህቁ የት እንደወደቀ መገመት ይቻላል። ከወለሉ ላይ ለሚያይ ሰው በሁለቱም ቦታ መርከቧ «ቆማለች»።

መሣሪያ የያዘ ሰው መርከብ ላይ ብቻውን አይቀርም። በአንዱ ጉዞ ላይ በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ከቡናቸው ጋር መጥተው ከአጠገቤ ይቀመጡ ነበር። «ልጄ፣ ሌሊቱን የት አሳደረችን?» ይሉኛል። «አባቴ፣ በቀኝ በኩል ቀርጤስን ይዘን ነው ያደርነው፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ታጠፍን» እላቸዋለሁ። መነጽራቸውን አውጥተው መስመሩን በጣታቸው ይከተሉና የታጠፍንበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «ለምን እዚህ ላይ?» ይላሉ። አንዳንዴ ደሴት ነው፤ አንዳንዴ የመርከቦቹ መስመር ነው፤ አንዳንዴ ምክንያቱን አብረን ፈልገን እናጣዋለን። «ለምን እዚህ ላይ?» የሚለው ጥያቄያቸው ግን ከዚያ ወዲህ የእኔም ሆኗል።

ከጉዞ መልስ የሚቀረኝ ፋይሉ ነው። እያንዳንዱን ቀን ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የሚያነበው ጂፒኤክስ የተባለው ዓይነት ፋይል በቂ ነው። በፋይሉ ውስጥ ሰዓቱ የሚመዘገበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ መርከቧ በጉዞ ላይ ሰዓቷን ወደፊትና ወደኋላ ብታደርግም አይዛባም። የካሜራዬን ሰዓት በመሣሪያው ካስተካከልኩ ፎቶግራፎቹ በሙሉ በመስመሩ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ስሙን ሳላውቅ ያነሣሁት ገደል ስም ያገኛል፤ ከሩቅ የታየው በረዷማ ተራራ የትኛው እንደነበር ይታወቃል።

ቀጥሎ የምመኘው አትላንቲክን መሻገር ነው። በተለመደው ጠፍጣፋ የባሕር ካርታ ላይ ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ በማስመሪያ የተሳለ ቀጥተኛ መስመር አጭሩ መንገድ አይደለም። አጭሩ ወደ ሰሜን የጎበጠው ነው፤ ምድር ክብ ናትና። መርከቧ ያንን መንገድ ስትይዝ አቅጣጫዋ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ዲግሪ ወደ ደቡብ እያጋደለ መሄድ አለበት፤ መሪውን የጨበጠው ሰው ግን ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። ያንን ቁጥር በየማለዳው እያነበብኩ መጻፍ፣ የጎበጠውንም መስመር ከወደብ እስከ ወደብ በራሴ መሣሪያ ነጥቦች መሙላት እፈልጋለሁ። ካቢኑን የምመርጠው በደቡብ በኩል በረንዳ ያለውን ነው። ከምድር ወገብ ሰሜን ርቆ ላለ ሰው ብዙዎቹ ሳተላይቶች የሚታዩት ወደ ደቡብ ባለው ሰማይ ነውና።